መኪናዋ ደህና እያለች፦ ስለ ቤተሰብ መኪና መደበኛ ሰርቪስ

[የመግቢያ ሙዚቃ፤ ቀስ በቀስ ዝቅ ይላል]

በዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅታችን የምናነሳው ስለ ቤተሰብ መኪና ነው። ቪትዝ ትሁን ኮሮላ፣ ልጆችን ትምህርት ቤት የምታደርስ፣ እናትን ሐኪም ቤት የምትወስድ፣ ለበዓል አገር ቤት የምታስገባ መኪና እንዴት በጊዜዋ ሰርቪስ እንደምትደረግ እንነጋገራለን። መኪና ያላችሁ፣ ለመግዛት የምታስቡ፣ የሰው መኪና በአደራ የያዛችሁ ሾፌሮች ሁሉ ወረቀትና እስክሪብቶ አጠገባችሁ ይሁን። የምትጽፏቸው ቁጥሮች አሉ።

የዛሬውን ትምህርት ጭብጥ ከወዲሁ ልንገራችሁ። ሰርቪስ የሚደረገው መኪናዋ ደህና እያለች ነው። ስታጨስ፣ ስትንኳኳ፣ አልነሳም ስትል ጋራዥ ከወሰድናት እሱ ጥገና ነው። ሰርቪስ ቀኑ ተቆርጦለት፣ ኪሎ ሜትሩ ተጽፎለት፣ ምንም ሳይጎድል የሚሠራ ሥራ ነው። የሞተር ዘይትና ፊልትሮ ለመቀየር የምናወጣው ገንዘብ ሞተር አስወርዶ ለማሠራት ከሚወጣው ጋር ሲተያይ ኢምንት ነው። አበው ሳይቃጠል በቅጠል የሚሉት እንዲህ ላለው ጉዳይ ነው።

ጉዳዩ ዛሬ ከቀድሞው የበለጠ የሚያሳስብበት ምክንያትም አለ። በ2012 ዓ.ም. የጸደቀው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያረጁ መኪኖችን ከውጭ ማስገባትን እጅግ ውድ አደረገው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ አገደ። ስለዚህ ዛሬ ደጃችን የቆመችው የቤንዚን መኪና ገና ብዙ ዓመት ማገልገል አለባት። በቀላሉ የምትተካ አይደለችም።

[አጭር ሙዚቃ]

አሁን ወደ መጀመሪያው ነጥብ እንግባ። ሰርቪስ በምን ይቆጠራል? ብዙዎቻችን በኪሎ ሜትር ብቻ እንቆጥራለን። ፋብሪካው ግን ሁለት ነገር ይጽፋል፤ ኪሎ ሜትርና ወር። ከሁለቱ ቀድሞ የደረሰው ነው የሚሠራው። ቆማ የምትውል መኪናም ዘይቷ ያረጃል፣ ጎማዋ ይደርቃል፣ የፍሬን ዘይቷ እርጥበት ይስባል።

ሌላው ጉዳይ አነዳዳችን ነው። የመኪና አምራቾች በመመሪያ መጽሐፋቸው ላይ ስለ ከባድ አጠቃቀም የተለየ ሰንጠረዥ ያወጣሉ። ከባድ አጠቃቀም ሲባል ድንጋይ የጫነ መኪና ብቻ ሊመስላችሁ ይችላል። ዝርዝሩን ስታነቡት ግን አቧራማ መንገድ፣ አጭር አጭር ጉዞ፣ ሞተር ሳይጠፋ ለረጅም ጊዜ መቆም የሚሉትን ታገኛላችሁ። ይህ እኮ የአዲስ አበባ የዕለት ተዕለት አነዳድ ነው! ጠዋት ከአያት ወደ መገናኛ፣ ከመገናኛ ወደ ሜክሲኮ የሚሄድ ሰው ሦስቱንም በአንድ ቀን ያሟላል።

እስቲ በቁጥር እንየው። አንድ መኪና በከተማ መጨናነቅ ውስጥ በአማካይ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ይጓዛል እንበል። 5,000 ኪሎ ሜትር ለመሙላት ሞተሩ 250 ሰዓት መሥራት አለበት። ሌላው ከከተማ ውጭ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ከሆነ ያንኑ 5,000 ኪሎ ሜትር በ63 ሰዓት ገደማ ይጨርሰዋል። ቆጣሪው ላይ የሁለቱም ቁጥር አንድ ነው። የከተማው ሞተር ግን አራት እጥፍ ሰዓት ሠርቷል፣ አራት እጥፍ ሰዓት ዘይቱን አግሏል። እንግዲህ ለከተማ መኪና የሞተር ዘይት በየ5,000 ኪሎ ሜትር ወይም በየስድስት ወሩ ይቀየር የሚባለው የጋራዥ ሰው ገበያ ፈልጎ ያመጣው ነገር አይደለም። ሰዓቱ የሚያዝዘው ነው።

[አጭር ሙዚቃ]

ሁለተኛው ነጥባችን የሞተር ዘይት ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ እንቆያለን። ዘይት ብረትና ብረት እንዳይፋጩ ያደርጋል፣ ሙቀት ይቀንሳል፣ ጥላሸትና የብረት ብናኝ ተሸክሞ ወደ ፊልትሮው ያደርሳል። ፊልትሮው ሳይቀየር ዘይት ብቻ መቀየር የሥራውን ግማሽ መተው ነው፤ አዲሱ ዘይት የአሮጌውን እድፍ ወዲያው ይቀበላል።

የዘይት መጠን ማየት ማንም ሰው ቤቱ ደጃፍ ሊያደርገው ይችላል። መኪናዋ ደልዳላ ቦታ ላይ ትቁም። ሞተሩ ከጠፋ አምስት ደቂቃ ያህል ይቆይ፤ ያን ጊዜ ከላይ የነበረው ዘይት ወደ ታች ይወርዳል። ኮፈኑን ክፈቱ። የዘይት መለኪያዋ ዘንግ እጀታዋ ብዙውን ጊዜ ቢጫ ነው፤ ስባችሁ አውጧት፣ በንጹሕ ጨርቅ ጥረጓት፣ እስከ መጨረሻው መልሳችሁ አስገቧት፣ እንደገና አውጧት። ጫፏ ላይ ሁለት ምልክቶች አሉ። ዘይቱ በሁለቱ መካከል ከሆነ ደህና ነው። ከታችኛው በታች ከወረደ ይጨመር፤ ግን ጥቂት ጥቂት እየጨመራችሁ፣ እየለካችሁ። ከላይኛው ምልክት ማለፍም ጎጂ ነው።

ዘንጓን በእጃችሁ ይዛችሁ ቀለሙንም ተመልከቱ። የቤንዚን ሞተር ዘይት ጥቂት ሳምንት ከሠራ በኋላ ቢጠቁር አትደንግጡ፤ ሥራውን እየሠራ ነው። ነገር ግን ወተት የገባበት ቡና መስሎ ከታየ ውሃ ከዘይት ጋር ተቀላቅሏል ማለት ሊሆን ይችላል። አብዛኛውን ጊዜ የቴስታታ ጓርኒሲዮን ተበልቷል። ያን ጊዜ መኪናዋን ማስነሳት ትታችሁ መካኒክ ጥሩ።

ስለ ዘይት ዓይነት ብዙ የተሳሳተ ወሬ አለ። ዘይት በወፈረ ቁጥር ይሻላል የሚል እምነት በየጋራዡ ትሰማላችሁ። ዕቃው ላይ ለምሳሌ 5 ደብሊው 30 ወይም 20 ደብሊው 50 ተብሎ ይጻፋል። የፊተኛው ቁጥር ዘይቱ በቅዝቃዜ ምን ያህል ቶሎ እንደሚፈስ፣ የኋለኛው ሞተሩ ሲግል ምን ያህል ውፍረት እንደሚይዝ ይናገራል። ለቀጭን ዘይት ተብሎ ለተሠራ ትንሽ ሞተር ወፍራም ዘይት ስትሰጡት፣ በኅዳር ብርድ ጠዋት ሲነሳ ዘይቱ ላይኛው ክፍል እስኪደርስ ይዘገያል። አብዛኛው የሞተር መበላት የሚደርሰው ደግሞ በዚያች የማስነሻ ቅጽበት ነው። መመሪያው ያዘዘውን ቁጥር ግዙ። ብዙዎቹ ትናንሽ የቤት መኪኖች የሚይዙት ከሦስት እስከ አራት ሊትር ነው። እሽጉ ሳይነካ ፊታችሁ ይከፈት፤ ያገለገለው ዘይትም ቦይ ውስጥ አይደፋ፤ ጋራዡ በዕቃ ይሰብስበው።

አንድ አደራ ልጨምር። ክሩስኮቱ ላይ ማንቆርቆሪያ የምትመስል ቀይ መብራት አለች። ይቺ መብራት እየነዳችሁ ስትበራ ዘይት የመቀየሪያው ቀን ደረሰ ማለቷ አይደለም። ዘይቱ በበቂ ግፊት ወደ ሞተሩ እየደረሰ አይደለም ማለቷ ነው። ዳር ያዙ፣ ወዲያው ሞተር አጥፉ። እቤት ልድረስ ማለት ሞተር ያስከፍላል።

[አጭር ሙዚቃ]

ሦስተኛው የሞተር ማቀዝቀዣው ነው። እዚህ ላይ አገራችን ከፍታዋ የሚያመጣው ልዩ ጉዳይ አለ። ውሃ በባሕር ወለል ላይ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። አዲስ አበባ ግን ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ አየሩ ስለሚሳሳ ክፍት ድስት ላይ ያለ ውሃ 92 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ይፈላል። የመኪና ሞተር ደግሞ የሚሠራው ወደ 90 ዲግሪ በሚጠጋ ሙቀት ነው። አያችሁ፣ ልዩነቱ ከእጅ ጣት አይበልጥም።

ታዲያ መኪኖቻችን ለምን በየመንገዱ አይፈሉም? ሁለት ነገር ያድነናል። አንደኛው የራዲያተሩ ክዳን ነው። ክዳኑ ውስጥ ያለው ላስቲክና ሞላ ውሃውን በግፊት አፍኖ ይይዛል፤ በግፊት ውስጥ ያለ ውሃ የሚፈላበት ሙቀት ከ20 ዲግሪ በላይ ከፍ ይላል። ሁለተኛው ኩላንት ነው። ኩላንት የመፍያ ነጥቡን ከፍ ያደርጋል፣ ከዚህም በላይ የራዲያተሩንና የሞተሩን የውስጥ ብረት ከዝገት ይጠብቃል።

እንግዲህ ክዳኑ ላስቲኩ ደርቆ ሲሰነጠቅ፣ ራዲያተሩም በቧንቧ ውሃ ሲሞላ፣ መከላከያችን ሁለቱም በአንድ ጊዜ ወደቁ ማለት ነው። የቧንቧ ውሃ ውስጥ ያለው ማዕድን ቀጫጭኖቹ ቱቦዎች ውስጥ እየጋገረ ይሄዳል። ለችግር ቀን መንገድ ላይ ውሃ መጨመር ያለ ነው፤ ቤት ስትመለሱ ግን አስወጥታችሁ በኩላንት አስለውጡ። ኩላንቱ ሳይበጠበጥ የሚሸጥ ከሆነ ከተጣራ ውሃ ጋር እኩል በእኩል ይቀላቀላል። ተበጥብጦ የሚሸጥም አለ፤ እሱ እንደወረደ ይገባል። ዕድሜው እንደ ዓይነቱ ይለያያል፤ ተራው በየሁለት ዓመቱ፣ ረጅም ዕድሜ ያለው የተባለው ደግሞ ፋብሪካው በጻፈለት ጊዜ ይቀየራል። ቀለም ብቻ አይታችሁ አትቀላቅሉ።

ሞተሩ ትኩስ እያለ የራዲያተር ክዳን በፍጹም አይከፈት። የታፈነው ውሃ በአንድ ጊዜ ገንፍሎ ፊትና እጅ ያቃጥላል። ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ጠብቁ። አንዳንድ ትናንሽ መኪኖች ደግሞ የሙቀት መርፌ እንደሌላቸው ልብ በሉ። ሞተሩ ገና ሳይሞቅ ሰማያዊ መብራት ያሳያሉ፣ ከልክ በላይ ሲግል ቀይ ያበራሉ፤ በመካከሉ ዝም ነው። ቀዩ ሲበራ ማስጠንቀቂያው የመጀመሪያም የመጨረሻም ስለሆነ የኩላንቱን መጠን በየሳምንቱ በዓይን ማየት ለእንደነዚህ ያሉ መኪኖች ግዴታ ነው።

[አጭር ሙዚቃ]

አራተኛው ፍሬን ነው። የፍሬን ሸራ እንደሚያልቅ ሁሉም ያውቃል። ሸራው ወደ 3 ሚሊ ሜትር ሲቀጥን ይቀየር። ብዙ ሸራዎች ሊያልቁ ሲሉ ዲስኩን የምትነካ ትንሽ ቆርቆሮ አላቸው፤ ፍሬን ስትይዙ ሲጥ የሚለው ድምፅ የእሷ ነው። ብረት ከብረት ሲፋጭ መስማት ከጀመራችሁ ዲስኩም እየተበላ ነው።

ብዙ ሰው የሚረሳው የፍሬን ዘይቱን ነው። የፍሬን ዘይት በጸጥታ እርጥበት ይስባል። ዶት 3 የሚባለው ዘይት አዲስ ሳለ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል፤ እርጥበት ከጠገበ በኋላ ግን የጥራት ደረጃው የሚጠይቀው ዝቅተኛው ቁጥር 140 ነው። ይህ ልዩነት ከተማ ውስጥ ላይታወቃችሁ ይችላል። የሚታወቀው ቁልቁለት ላይ ነው።

ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ የወረደ ሰው፣ ከጣርማበር ወደ ደብረ ሲናና ሸዋ ሮቢት ያቀና ሰው የምለው ይገባዋል። ሁለቱም መንገዶች ከሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ያወርዳሉ። ቤተሰብ ጭኖ፣ ሻንጣ ሞልቶ፣ ፍሬን ላይ እግሩን ጭኖ የሚወርድ ሾፌር ዲስኩን ያግላል፤ ሙቀቱ ወደ ፍሬን ዘይቱ ይተላለፋል። እርጥበት የጠገበው ዘይት ሲፈላ አረፋ ይሆናል። አረፋ ደግሞ ሲጫኑት ይታመቃል እንጂ ኃይል አያስተላልፍም። ያን ጊዜ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ይሰምጣል፤ መኪናዋ አትቆምም። ስለዚህ የፍሬን ዘይት በየሁለት ዓመቱ ሙሉ በሙሉ ይቀየር። ቁልቁለት ላይ በከባድ ማርሽ ውረዱ፤ ኦቶማቲክ ከሆነች ማርሹን ወደ 2 ወይም ወደ ኤል አምጡት። ነዳጅ ልቆጥብ ብሎ ማርሽ ፍሪ አድርጎ መውረድ ነፍስን ማስያዝ ነው።

የፍሬን ዘይቱ መጠን ቀስ በቀስ ሲቀንስ ዝም ብላችሁ አትሙሉት። ሸራው ሲያልቅ ዘይቱ ይወርዳል፤ ወይም የሚያፈስ ቦታ አለ። መጀመሪያ ምክንያቱ ይታወቅ።

[አጭር ሙዚቃ]

አምስተኛው ጎማ ነው። የጎማ ንፋስ መጠን በሾፌሩ በር ማዕዘን ላይ በተለጠፈ ወረቀት ተጽፏል። ለብዙዎቹ ትናንሽ መኪኖች ከ30 እስከ 35 ፒኤስአይ ባለው ውስጥ ነው። ጎማው ሳይሞቅ፣ ጠዋት ይለካ። ንፋስ የጎደለው ጎማ ሲሽከረከር ጎኑ ይተጣጠፋል፣ ይግላል። በአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ ላይ በሰዓት 100 እና ከዚያ በላይ ስትነዱ ያ ሙቀት ጎማውን ሊያፈነዳው ይችላል።

ጎማ ስትገዙ ጎኑን በደንብ አንብቡ። ዶት ከሚለው ጽሑፍ ጫፍ ላይ አራት አኃዝ አለ። ለምሳሌ 2319 ቢል በፈረንጆቹ 2019 በ23ኛው ሳምንት ተመርቷል ማለት ነው። ጥርሱ ሙሉ የሆነ፣ የሚያብረቀርቅ ጎማ ዕድሜው አሥር ዓመት ሊሆን ይችላል፤ ላስቲክ ሳይነዳም ያረጃል። በጥርሶቹ መካከል ደግሞ ጉብ ጉብ ያሉ ምልክቶች አሉ፤ ጥርሱ ከእነሱ ጋር እኩል ከሆነ 1.6 ሚሊ ሜትር ቀርቶታል፤ ጎማው አልቋል። የስኮርታ ጎማውን ንፋስም አትርሱ። ጎሚስታ በሌለበት መንገድ የሚያወጣችሁ እሱ ነው።

የቀሩትን በአጭሩ ልለፍባቸው። የአየር ፊልትሮ በየሰርቪሱ ወጥቶ ይታይ፤ በበጋ አቧራ ቶሎ ይደፈናል። በንፋስ ሲጸዳ ከውስጥ ወደ ውጭ ነው የሚነፋው። የወረቀት ፊልትሮ በውሃም በቤንዚንም አይታጠብም። ካንዴላ ተራው በየ20,000 ኪሎ ሜትር፣ ኢሪዲየም የሚባለው እስከ 100,000 ያገለግላል። ባትሪ በአብዛኛው ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ይቆያል፤ ሞተር ጠፍቶ ካደረ በኋላ 12.6 ቮልት ገደማ፣ ሞተር ሲነሳ ወደ 14 ቮልት ማሳየት አለበት። የካምቢዮ ዘይት መመሪያው በሚያዘው ዓይነት ብቻ ይቀየር፤ ለአንዱ ካምቢዮ የተሠራው ሌላውን ሊያበላሽ ይችላል።

ታይሚንግ ቺንጋ ግን ለብቻው ሊነገር ይገባዋል። ይህ ቺንጋ የሞተሩን የላይና የታች ክፍል ያናብባል፤ በአብዛኛው በየ100,000 ኪሎ ሜትር ይቀየራል። አንዳንድ ሞተሮች ላይ ቢበጠስ ፒስተኑ ቫልቮቹን ይመታና ሞተሩ ይሰበራል። ቪትዝ ያላችሁ ጥቂት እፎይ በሉ፤ የቪትዝ ሞተሮች በቺንጋ ፋንታ በካቴና የሚሠሩ ናቸው። ካቴና ግን ዘይት ይወዳል፤ ዘይት በጊዜው ካልተቀየረ እሱም ይላላል። በፈረንጆቹ 1990ዎቹ የተሠሩ ብዙዎቹ ኮሮላዎች በቺንጋ የሚሠሩ ስለሆኑ መቼ እንደተቀየረ የማታውቁ ከሆነ ዛሬውኑ ጠይቁ።

[አጭር ሙዚቃ]

ከዚህ ቀጥሎ ያገለገለ መኪና ለገዛችሁ የሚሆን ምክር አለኝ። ከጃፓን፣ ከዱባይ ወይም ከሌላ ሰው እጅ የመጣች መኪና አብዛኛውን ጊዜ የሰርቪስ ታሪኳ አብሯት አይመጣም። ኪሎ ሜትር ቆጣሪውም ሊመለስ የሚችል ነገር ነው። ስለዚህ በተገዛች ሳምንት የሞተር ዘይት፣ ፊልትሮዎች፣ የፍሬን ዘይትና ኩላንት በሙሉ ይቀየሩ፤ ካንዴላዎቹ ወጥተው ይታዩ፤ ቺንጋ ካላት ይመርመር። ያቺ ቀን የመኪናችሁ ቁጥር አንድ ትሁን። ቀኑንና ቆጣሪው ላይ ያለውን ቁጥር ጻፉ፤ ከዚያ ወዲህ ያለው ታሪክ የእናንተ ነው።

ጋራዥ ስትሄዱም በትሕትና፣ ግን በግልጽ ተነጋገሩ። እንዲህ በሉ፦ "ወንድሜ፣ ዛሬ የሚሠራው ዘይት፣ የዘይት ፊልትሮና የፍሬን ሸራ ማየት ነው። ሌላ የሚቀየር ነገር ካገኘህ ከመፍታትህ በፊት አሳየኝ። የወጣውንም ዕቃ አስቀምጥልኝ።" ጥሩ መካኒክ በዚህ አይከፋም። እንዲያውም ሥራውን የሚያይለት ሰው በማግኘቱ ደስ ይለዋል፤ ሸራውን በእጁ ይዞ የቀረውን ውፍረት ያሳያችኋል። መለዋወጫ ለመግዛት ሶማሌ ተራ ስትወርዱ፣ ወይም ውጭ አገር ያለ ዘመድ ዕቃ እንዲልክላችሁ ስትጠይቁ፣ የመኪናችሁን የሻንሲ ቁጥር ስጡ። "የ2006 ቪትዝ" ማለት ብቻ አይበቃም፤ በአንድ ዓመት የተሠሩ ቪትዞች የተለያየ ሞተርና የተለያየ ፍሬን ሊኖራቸው ይችላል።

አሁን ወረቀታችሁን አቅርቡ። ቀስ ብዬ እናገራለሁ፤ ጻፉ። መመሪያ መጽሐፋችሁ የተለየ ቁጥር ካለው መጽሐፉ ይቀድማል።

በየሳምንቱ፦ የሞተር ዘይት መጠን፣ የኩላንት መጠን፣ መብራትና ፍሬቻ፤ መኪናዋ ካደረችበት መሬት ላይ የፈሰሰ ነገር አለ ወይ?

በየወሩ፦ የአምስቱም ጎማ ንፋስ በመለኪያ፣ የፍሬን ዘይት መጠን፣ የባትሪ እግር ንጽሕና።

በየ5,000 ኪሎ ሜትር ወይም በየስድስት ወሩ፦ የሞተር ዘይትና የዘይት ፊልትሮ መቀየር፣ የአየር ፊልትሮ ማጽዳት።

በየ10,000 ኪሎ ሜትር፦ ጎማ ማቀያየር፣ አላይመንት፣ የፍሬን ሸራና ቺንጋዎች ምርመራ።

በየ20,000 ኪሎ ሜትር፦ የአየር ፊልትሮ፣ የኤሲ ፊልትሮና ተራ ካንዴላ መቀየር።

በየ40,000 ኪሎ ሜትር ወይም በየሁለት ዓመቱ፦ የፍሬን ዘይት፣ ተራ ኩላንት፣ እንደ መመሪያው የካምቢዮ ዘይት።

በየ100,000 ኪሎ ሜትር፦ ታይሚንግ ቺንጋ፣ የኢሪዲየም ካንዴላ።

ከዚህ ጋር የአገራችንን ወቅቶች አያይዙ። ግንቦት ሲገባ የዝናብ መጥረጊያውንና የጎማውን ጥርስ እዩ፤ ክረምቱ ሊገባ ነው። መስከረም ላይ የክረምቱን ጭቃ ከመኪናዋ ሆድ አሳጥቡ፤ ላቫጆው ከታችም እንዲያጥብ ንገሩት። ለገና ላሊበላ፣ ለጥምቀት ጎንደር የምትሄዱ ደግሞ ፍሬኑን ከጉዞው ሁለት ሳምንት በፊት አስመርምሩ። በዋዜማው ማታ ጋራዥ የገባች መኪና ጥድፊያ ትገዛለች፤ የጎደለ ዕቃም ቢገኝ ገበያው ተዘግቷል።

የኤሌክትሪክ መኪና የገዛችሁም "እኛን አይመለከተንም" አትበሉ። የሞተር ዘይትና ካንዴላ የላችሁም፤ ያ ትልቅ እፎይታ ነው። ጎማ፣ የፍሬን ዘይት፣ የኤሲ ፊልትሮ፣ ትንሹ ባለ 12 ቮልት ባትሪ ግን እንደማንኛውም መኪና ክትትል ይፈልጋሉ። ብዙዎቹ ለባትሪያቸው ማቀዝቀዣ ኩላንት ይጠቀማሉ። መኪኖቹ ከባድ ስለሆኑ ጎማ ላይ ያላቸው ጫናም ከፍ ያለ ነው።

የተከበራችሁ አድማጮች፣ ዓመታዊው የቴክኒክ ምርመራ ቦሎ ለማግኘት ያስፈልጋል፤ ነገር ግን የሚነግረን መኪናዋ በዚያች ዕለት እንዴት እንደነበረች ብቻ ነው። የቀሩትን 364 ቀናት የሚጠብቃት ባለቤቷ ነው። መኪናችን ውስጥ የሚቀመጡት ልጆቻችንና ወላጆቻችን ፍሬኑ መቼ እንደታየ አይጠይቁንም፤ አምነውን ይገባሉ። ያንን እምነት የምንመልሰው በጊዜው በተሠራ ሰርቪስ ነው።

ስለዚህ የዛሬው የቤት ሥራችሁ ሦስት ነው። አንደኛ፣ አንድ ደብተር ግዙና ክሩስኮት ውስጥ አስቀምጡ፤ ቀን፣ ኪሎ ሜትር፣ የተሠራው ሥራ፣ የወጣው ገንዘብ ይጻፍበት። መኪናዋን ስትሸጡም ይህ ደብተር ለገዢው ትልቅ ማስረጃ ይሆናል። ሁለተኛ፣ ነገ ጠዋት ሞተር ከማስነሳታችሁ በፊት ዘይቷንና ኩላንቷን እዩ። ሦስተኛ፣ የፍሬን ዘይቱ መጨረሻ የተቀየረበትን ቀን ፈልጉ። ካላገኛችሁት፣ ደብተሩ ላይ የመጀመሪያው መስመር እሱ ይሁን፦ "የፍሬን ዘይት ይቀየር"።

በሚቀጥለው ዝግጅታችን የክሩስኮት መብራቶችን አንድ በአንድ እናያለን፤ የትኛው ወዲያው ያስቆማል፣ የትኛው ጋራዥ እስክንደርስ ይታገሣል? እስከዚያው መልካም ጉዞ።

[የመዝጊያ ሙዚቃ]